ምስክር ቤታችን ባሕር ማዶ ሲሆን

በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ምድር፣ ቤተ ልሔም የምትባል ጥንታዊት ደብር አለች። በአብነት ትምህርት ያለፈ ሰው ስሟን ሲሰማ ወዲያው የሚታወሰው ድጓ ነው። በየትኛውም የአገራችን ክፍል ዜማ የተማረ ደቀ መዝሙር ጾመ ድጓውንና ድጓውን ከዘለቀ በኋላ እንኳ ሙሉ መምህር ተብሎ ጉባኤ ለመዘርጋት አንድ ነገር ይቀረዋል፤ ቤተ ልሔም ሄዶ ማስመስከር። ስለዚህ የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ድጓውን ተሸክሞ፣ ከጎጃምም ይሁን ከሸዋ፣ ከትግራይም ይሁን ከወሎ፣ ወደ ጋይንት ይጓዛል። እዚያም የያዘውን ቃልና ምልክት በምስክሩ መምህር ፊት ያሰማል፤ የተዛነፈው ይቃናል፣ የጎደለው ይሞላል። አስመስክሮ ሲመረቅም ወደ መጣበት ወይም ወደ ተጠራበት አገር ሄዶ ወንበር ይዘረጋል።

ይህን ያነሣሁት ስለ ዜማ ትምህርት ለመጻፍ አስቤ አይደለም። የአብነት ሊቃውንት ከብዙ ዘመን በፊት የተረዱትና እኛ የሳይንስ ሰዎች ግን ዘወትር የምንዘነጋው አንድ ነገር ስላለ ነው። ዕውቀት በብዙ ሰው አፍና እጅ ሲዘዋወር ይለወጣል። ሳይዛባ እንዲቆይ ከተፈለገ ሁሉም የሚመሳከርበት ቦታ ያስፈልጋል። የዚህ ዓይነቱ ቦታ ጥቅም እንዲሰጥ ደግሞ አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ ዋናው ቅጂ፣ ቅጂውን ጠንቅቆ የሚያውቅ መምህር፣ ለማመሳከር የሚበቃ ጊዜ፣ በመጨረሻም የተመሰከረለትን ሰው የሚጠብቅ ወንበር።

የዕፅዋትንና የእንስሳትን ዝርያዎች ለይቶ ስም የሚሰጠው የሳይንስ ዘርፍ፣ ማለትም ታክሶኖሚ ወይም ሥነ ምደባ፣ የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ልዩነቱ የአገራችን ፍጥረታት ምስክር ቤቶች በአብዛኛው የሚገኙት በፍራንክፈርት፣ በለንደን፣ በፓሪስና በፍሎረንስ መሆኑ ነው። ወጣት ተመራማሪዎችን ወደነዚህ ቤቶች የሚወስዱ የሥልጠናና የጉብኝት ድጎማዎች አሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝን አቋም ከወዲሁ ልግለጽ። ድጎማው ያስፈልገናል፤ ልንወዳደርበትም ይገባል። ነገር ግን ከአራቱ ነገሮች የሚሰጠን ሁለቱን፣ ቅጂውንና መምህሩን፣ ብቻ ነው። ጊዜውንና ወንበሩን ራሳችን ካላዘጋጀን ድጎማው ተጓዥ እንጂ መምህር አያፈራልንም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ስም የሚታሰርበት ናሙና

አንድ ተመራማሪ አዲስ ዝርያ ማግኘቱን ሲያስታውቅ መግለጫ መጻፉ ብቻ አይበቃም። ስሙ ለዘለቄታው የሚታሰርበትን አንድ ናሙና መርጦ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ሊያዩት በሚችሉበት ስብስብ ውስጥ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ይህ ናሙና በሙያው ቋንቋ ሆሎታይፕ ይባላል። እኔ «የስሙ ምስክር» ብዬ ብጠራው የሚያስኬድ ይመስለኛል።

ምስክሩ ለምን ያስፈልጋል? የቃል መግለጫ ምን ቢረቅ ሙሉ ስለማይሆን ነው። በ1835 የጻፈ ሰው የዓሣውን ቀለምና የአፉን ቅርጽ ገልጾ ይሆናል፤ የስንጥቡን አጥንቶች ግን አልቆጠረ ይሆናል። የዛሬ ተመራማሪ ያንን ሲጠይቅ ጽሑፉ ዝም ይላል፤ በአልኮል ውስጥ የተቀመጠው ዓሣ ግን ይመልሳል። በተጨማሪም በስም አወጣጥ ሕግ ለአንድ ዝርያ ሁለት ስሞች ከተሰጡ በአጠቃላይ ቀድሞ በአግባቡ የታተመው ይጸናል። በመሆኑም ባሕር ዳር ላይ ያለ ተመራማሪ «ይህ አዲስ ዝርያ ነው» ለማለት በመጀመሪያ ከድሮዎቹ ስሞች አንዱም የዚህ ፍጥረት ስም አለመሆኑን ማሳየት አለበት። ይህንንም ለማድረግ የድሮዎቹን ምስክሮች፣ ያሉበት ድረስ ሄዶ፣ አንድ በአንድ መመልከት ይገባዋል።

ምስክሮቹ ከአገር የወጡበት መንገድ ይታወቃል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ተራሮችና በጎንደር አካባቢ ተዘዋውሮ የሰበሰባቸውን እንስሳት በትውልድ ከተማው በፍራንክፈርት ለሚገኘው ለዜንከንበርግ ሙዚየም አስገባ። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት ከእርሱ ብዕር ነው። የአገሩ ልጅ ቪልሄልም ሺምፐር ደግሞ ከ1837 እስከ 1878፣ ሕይወቱ እስኪያልፍ ድረስ፣ በኢትዮጵያ ኖሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የዕፅዋት ናሙናዎችን ለአውሮፓ ላከ። በ1860ዎቹ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በደብረ ታቦርና በጋፋት ዙሪያ ጭምር ሰብስቧል። ዛሬ በየሜዳችን የምናያቸው የብዙ ዕፅዋት ስሞች የታሰሩት እርሱ አድርቆ በላካቸው ቅጠሎች ላይ ነው።

ከጉና ሥር የተነሣ ሙግት

ነገሩ የወረቀት ሥራ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ እዚያው ከጋይንትና ከእስቴ በላይ ቀና ብሎ የጉናን ተራራ ይመልከት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከዚህ ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ምዕራብ ወርደው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው፣ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በክረምት፣ ወንዞቹ ደፍርሰው ሲሞሉ፣ በሐይቁ የሚኖሩ ትልልቅ ዓሦች ሽቅብ እየዋኙ በጠጠራማው የወንዝ አልጋ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እነዚህ ዓሦች በሳይንስ ላቤዮባርበስ ይባላሉ። ይህ የወገን ስም ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1835 ሲሆን፣ ያወጣውም ሩፔል ነው፤ የወገኑ መለያ ሆኖ የተመዘገበው ዝርያም የጣና ዓሣ ነው። ዛሬ በዚህ ስም ሥር በአፍሪካ ወንዞችና ሐይቆች የሚኖሩ ከመቶ በላይ ዝርያዎች ይመደባሉ።

ሩፔል የጣናን ዓሦች በተለያዩ ስሞች ለያቸው። ጣሊያናዊው ጆርጆ ቢኒ በ1940 ሌሎች ብዙ ስሞችን ጨመረ። በ1973 ግን የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባለሙያ ባኒስተር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርበሶች በአንድነት ሲከልስ፣ የጣናዎቹ በአንድ ስም ተጠቃለሉ፤ መልኩ እጅግ የሚለዋወጥ አንድ ዝርያ ተደርገው ተቆጠሩ። በመደርደሪያ ላይ በተቀመጡ ጥቂት ናሙናዎች ብቻ ለሚፈርድ ሰው ውሳኔው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚያ በ1990ዎቹ የሆላንዱ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ ለዓመታት በሐይቁ ላይ ሠሩ። የዓሦቹን የሰውነት መጠን፣ የአፍ አከፋፈት፣ ምግብ፣ የመኖሪያ ጥልቀትና የእርባታ ቦታ መረመሩ፤ ከድሮዎቹ ናሙናዎች ጋርም አመሳከሩ። በ2000 በታተመው ሥራቸው ጣና 15 ዝርያዎች ያሉት የላቤዮባርበስ ማኅበር መኖሪያ መሆኑን አሳወቁ። እንዲህ ያለ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የተለያየ የዚህ ቤተሰብ ዓሣ ማኅበር በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ነው።

አንድ ወይስ 15? ጥያቄው የስም ጨዋታ አይደለም። ከ15ቱ ቢያንስ 7ቱ ለእርባታ ወደ ወንዝ የሚወጡ ናቸው፤ የተቀሩት በሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ ይታመናል። ወደ ወንዝ የሚወጡት በየዓመቱ በአንድ ወቅት በወንዙ አፍ ላይ ስለሚከማቹ በመረብ ለመጥረግ የተመቹ ናቸው። ወንዙ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ አሸዋው ሲዛቅ፣ ግድብ ሲሠራም መጀመሪያ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው፤ በርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል። ዓሦቹ ሁሉ አንድ ዝርያ ናቸው ብለን ብንቀመጥ፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ቢያልቁ እንኳ በሐይቁ የሚራቡት ስላሉ «ዓሣው አለ» እንላለን። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2000 አካባቢ በተደረጉ ማነጻጸሪያዎች በወንዝ የሚራቡት ቁጥር ክፉኛ ማሽቆልቆሉ ሊታወቅ የቻለው አስቀድሞ እያንዳንዱ ዝርያ ስለተለየ ነው። ስም የሌለው ነገር ሲጠፋ አይታወቅም፤ የሚያለቅስለትም የለም።

አሁን አንድ ነገር ልብ እንበል። ይህን ሙግት ለመፍታት ሁለት ነገር ያስፈልግ ነበር፤ ሐይቁን በየቀኑ ማየትና የድሮዎቹን ምስክሮች ማየት። በጣና ዳር የተወለደ ተማሪ የመጀመሪያውን በነፃ አለው። ሁለተኛው ግን ቪዛ፣ የአውሮፕላን ቲኬትና የሆቴል ወጪ ይጠይቃል። ሁለቱን ለማጣመር የቻለው ከሩቅ የመጣው ነው። በሥራው ልናመሰግነው ይገባል፤ ለራሳችን ግን መጠየቅ ያለብን ጥያቄ አለ።

ቅንጦት ነውን?

«ድሃ አገር ስለ ዓሣ ስም ከሚጨነቅ ስለ ምርቱ ቢያስብ አይሻልም?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለዚህ መልሱ በቅርብ ዓመታት በደረሰብን ነገር ውስጥ አለ። በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሐር የተሰበሰቡ የወባ ትንኞች ሲመረመሩ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የእስያ ዝርያ ሆና ተገኘች፤ ግኝቱም በ2018 ታተመ። ይህች ትንኝ ከለመድናቸው የወባ ትንኞች በተለየ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ በምቾት ትራባለች። በወቅቱ በአፍሪካ ይሠራበት የነበረው መለያ መጽሐፍ እርስዋን አያካትትም ነበር። በመጽሐፉ ብቻ የሚመራ ሠራተኛ ከአፍሪካውያኑ ዝርያዎች አንዷ አድርጎ ሊመዘግባት ይችል ነበር ማለት ነው። በ2022 በድሬዳዋ ከደረሰው የወባ ወረርሽኝ ጋር ግንኙነት እንዳላት ከተረጋገጠ በኋላ ነገሩ ቅንጦት ነው የሚል ያለ አይመስለኝም።

በ2017 አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም እንዲሁ ነው። የበቆሎውን ማሳ የሚበላው የለመድነው ተምች ነው ወይስ ሌላ? የመድኃኒቱም የመከላከያውም ውሳኔ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ድጎማው የሚሰጠውና የማይሰጠው

የብዝኃ ሕይወት ስምምነት አባል አገሮች የሥነ ምደባ ባለሙያ እጥረትን እንደ ዓለም አቀፍ ችግር ተቀብለው በ2002 ዓለም አቀፉን የታክሶኖሚ መርሐ ግብር አጽድቀዋል። በብራስልስ የሚገኘው የቤልጅየም ሮያል የተፈጥሮ ሳይንስ ተቋም በዚህ ማዕቀፍ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች በስብስቦቹ ላይ የሚሠሩበትን አጭር ቆይታ ሲደግፍ ኖሯል። እዚያው ቤልጅየም ውስጥ የቴርቩረኑ የመካከለኛው አፍሪካ ሙዚየም ለአፍሪካውያን የዓሣ ባለሙያዎች የሦስት ወር ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የንጽጽራዊ ሥነ እንስሳት ሙዚየም በኤርንስት ማየር ስም የሰየመው የጉዞ ድጎማ ወደ ሙዚየሞች ለሚሄዱ የእንስሳት ሥነ ምደባ ተመራማሪዎች የሚውል ነው። በአንጻሩ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከ2004 ጀምሮ በተለያዩ ምዕራፎች የተካሄደው ሲንተሲስ የተባለው ሰፊ የስብስብ ጉብኝት ፕሮግራም በዋናነት የተዘጋጀው በአውሮፓና በተባባሪ አገሮች ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ነበር። የጣና ዓሣ ያለው ፍራንክፈርት ነው፤ ወደ ፍራንክፈርት የሚወስደው ሰፊው በር ግን በይበልጥ የተከፈተው ለጎረቤቱ ነበር።

ከእነዚህ አንዱን ያገኘ ወጣት ብዙ ይጠቀማል። የስሙን ምስክር በእጁ ይዞ ይመለከታል፤ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ቤተሰብ ነፍሳት ላይ ከኖረ ባለሙያ ጎን ተቀምጦ መጽሐፍ የማያስተምረውን ይማራል። ይሁን እንጂ ሦስት ወር ከአንዱ የቤተ መዘክር መደርደሪያ ወደ ሌላው ሲሉ የሚያልቅ ጊዜ ነው። ሲመለስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው በሳምንት አምስት ቀን የሚያስተምረው መግቢያ ኮርስና መቶ ተማሪ ያለበት ክፍል ነው። ማይክሮስኮፕ የለም፤ አልኮል አልተገዛም፤ ናሙና የሚቀመጥበት ክፍል ለሌላ ሥራ ተሰጥቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ በፕሮጀክት ቢሮ ተቀጥሮ ሪፖርት ይጽፋል። ድጎማ ሰጪው ግን በዓመታዊ ዘገባው «አንድ ሠልጣኝ» ብሎ ቆጥሮታል።

ሌላ መንገድ መኖሩን የሚያሳይ ምስክር ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት በ1980 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየምና በስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ በስዊድን መንግሥት ገንዘብ ተጀመረ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው በ1989 ነው፤ ሥራው የተጠናቀቀው በ2009። 29 ዓመት! በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ 6,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያና የኤርትራ ከፍተኛ ዕፅዋት በስምንት ቅጾች ተገለጹ። ከመጻሕፍቱ ያልተናነሰው ፍሬ ግን ሰዎቹ ናቸው። እንደ ሰብስቤ ደምሰውና እንሰርሙ ቀልቤሳ ያሉ ኢትዮጵያውያን በኡፕሳላ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ሠርተው፣ በአውሮፓ ሄርባሪየሞች የሺምፐርንና የሌሎችን ናሙናዎች መርምረው፣ ወደ አራት ኪሎ ተመለሱ፤ ወንበርም ጠበቃቸው። ከ80 ሺህ በላይ ናሙና የያዘ ቤትም ጠበቃቸው። አራቱ ነገሮች በአንድነት ተሟሉ። ለዚህም ነው ዛሬ ዕፅዋትን በተመለከተ የአገራችን ተማሪ ሥራውን አዲስ አበባ ሊጀምር የሚችለው። የነፍሳት፣ የዓሣ፣ የሸረሪትና የቀንድ አውጣ ተማሪ ግን ይህን ዕድል አላገኘም።

ፎቶግራፉ አይበቃምን?

አንዳንዶች «ዛሬ ሁሉም በኮምፒዩተር ይታያል፤ ጉዞው ለምን?» ይላሉ። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። በአሜሪካው የሜለን ፋውንዴሽን ገንዘብ የተጀመረው የአፍሪካ ዕፅዋት ፕሮጀክት የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎችን በጥራት አንሥቶ ለተመራማሪዎች አቅርቧል። በወረቀት ላይ ተዘርግቶ የተሰፋ ቅጠል ለፎቶግራፍ የተመቸ ነው። ዓሣ ግን አፉ መከፈት፣ የጉሮሮው ጥርስ መታየት አለበት። ብዙ ጥንዚዛዎች የሚለዩት በውስጥ አካላቸው ነው፤ ይህንንም ለማየት ናሙናው በባለሙያ እጅ መከፈት ያስፈልገዋል። ዘረመልም ቢሆን ብቻውን አይመልስም። የዘረመሉ ቅንብር ሁለት ዓሦች የተለያዩ መሆናቸውን ይነግረናል፤ በ1835 ስም የተሰጠው የትኛው እንደሆነ ግን የሚነግረን ምስክሩ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፉ ጉዞውን ያሳጥራል እንጂ አያስቀርም።

«ታዲያ ናሙናዎቹ ለምን አይመለሱልንም?» የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። የባለቤትነቱ ክርክር ይቀጥል። ሁሉን በአንድ ቤት ማከማቸት አደገኛ መሆኑንም ታሪክ አሳይቷል፤ በ1943 የበርሊን ሄርባሪየም በአየር ድብደባ ሲቃጠል የኢትዮጵያ ዕፅዋት ምስክሮችም አብረው ነድደዋል። ከሺምፐር ስብስብ ብዙው ዛሬ ሊገኝ የቻለው እርሱ የአንዱን ተክል በርካታ ቅጂ ለተለያዩ ከተሞች ስላሠራጨ ነው። ነገር ግን ለሁለት መቶ ዓመት የቆየ ዓሣ ዛሬ ተመልሶ አልኮሉ በሚተንበት ጠርሙስ ቢቀመጥ ለማን ይጠቅማል? መጀመሪያ ቤቱ ይሠራ፤ ጠባቂው ይቀጠር። ያኔ ጥያቄያችን ክብደት ያገኛል።

ዓለም ወደ እኛ የሚመጣበት መስክ

ይህ ሕልም አይደለም፤ በአንድ መስክ አድርገነዋል። ሉሲ በ1974 በሐዳር ከተገኘች በኋላ ለጥናት ወደ አሜሪካ ሄዳ በ1980 ተመልሳለች። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሉሲ ራሷ የዝርያዋ ስም ምስክር አለመሆኗን ነው፤ የኦስትራሎፒተከስ አፋሬንሲስ ስም የታሰረው በታንዛኒያ በላቶሊ በተገኘ መንጋጋ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በ1994 የተሰየመው የአርዲፒተከስ ራሚደስ፣ በ1999 በብርሃኔ አስፋውና በባልደረቦቹ የተሰየመው የኦስትራሎፒተከስ ጋርሂ፣ በ2001 በዮሐንስ ኃይለሥላሴ የተሰየመው የካዳባ ምስክሮች በሙሉ በአዲስ አበባ ይገኛሉ። ማንኛውም የዓለም ሊቅ ስለ እነርሱ መጻፍ ሲፈልግ ዋናዎቹን ለማየት ደጅ የሚጠናው እኛን ነው። በዚህ መስክ አዲስ አበባ ቤተ ልሔም ሆናለች።

የሰው ዘር አመጣጥ ገንዘብ የሚስብ ጉዳይ ነው፤ ቀንድ አውጣ አይስብም ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ቢሆንም ለውጡን ያመጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ቅሪተ አካል ከአገር እንዳይወጣ የሚጠብቅ ሕግ፣ የሚቀመጥበት ቤት፣ በውጭ ተምረው በሥራው የቆዩ ኢትዮጵያውያን፣ ከሁሉም በላይ አሥርተ ዓመታት የወሰደ ትዕግሥት ተደምረው ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ድጎማ ያገኘን ሠራተኛ «ጥሩ ዕድል ነው» ብለው ከመሸኘት ያለፈ ግዴታ ይግቡ። ሲመለስ የሚሠራበት ስብስብ፣ የማስተማር ጫናው የሚቀንስበት መጠንና ረዳት በጽሑፍ ይወሰንለት። የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉንም ነገር ሁሉም ከሚሞክሩ፣ አንዱ በጣና ዓሦች፣ ሌላው በደጋ ነፍሳት፣ ሌላው በጉና ዕፅዋት ላይ ቢያተኩር ይበጃል። የአብነት ትምህርትም እንዲህ ነው የተደራጀው፤ የድጓው ምስክር ቤተ ልሔም ሲሆን የዝማሬና የመዋሥዕቱ ምስክር እዚያው ጋይንት በዙር አምባ ነው።

ሁለተኛ፣ ከአገር ውስጥ የምርምር በጀት ለስብስብ ጉብኝት የሚውል አነስተኛ ገንዘብ ይመደብ። አንድ ተማሪ ሦስት ሳምንት ፍራንክፈርት ቆይቶ እንዲመለስ የሚያስፈልገው ወጪ ከአንድ የመስክ ተሽከርካሪ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ ከኢትዮጵያ በሚሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ ለሚወጣ አዲስ ስም ምስክሩ በአገር ውስጥ እንዲቀመጥ የመሰብሰቢያ ፈቃዱ ያስገድድ፤ ቅጂዎቹ ደግሞ ከበርሊን እንደተማርነው ለውጭ ቤተ መዘክሮች ይሠራጩ። የጄኔቲክ ሀብት ተደራሽነትን የሚገዛው አዋጅ 482 ከ1998 ዓ.ም. (2006) ጀምሮ አለን፤ የጎደለን ናሙናውን የሚቀበል ቤት ነው።

አራተኛው ለእናንተ ለተማሪዎች ነው። ድጎማ የምትጠይቁበት ደብዳቤ «ታክሶኖሚ መማር እፈልጋለሁ» በሚል አይጀምር። በየትኛው ሙዚየም የሚገኝ የትኛውን ናሙና ማየት እንደምትፈልጉ፣ ከእርሱ ጋር የምታመሳክሩት ከየት የሰበሰባችሁትን እንደሆነ፣ ምን እንደምትቆጥሩና እንደምትለኩ ጻፉ። አስቀድማችሁ ለስብስቡ ኃላፊ ጽፋችሁ ፈቃዱን ያዙ። የደረሱ ምስሎችንና የታተሙ መግለጫዎችን እዚሁ ጨርሱ። ስትመለሱም የለካችሁትንና ያነሣችሁትን ሁሉ ለተቋማችሁ ስብስብ ቅጂ ስጡ። ወደ ቤተ ልሔም የሚወርደው ደቀ መዝሙር ድጓውን ሳይዘልቅ አይሄድም፤ ለማስመስከር እንጂ ፊደል ለመቁጠር አይደለም የሚሄደው።

ያ ተማሪ ወደ ጋይንት ሲጓዝ አንድ ነገር አያስጨንቀውም፤ ከምስክሩ ሲመለስ የሚያስተምረው ሕዝብና የሚዘረጋው ወንበር መኖሩን ያውቃል። ፍራንክፈርት ደርሶ በጠርሙስ ውስጥ ያለውን፣ አያቶቹ ከጣና ያጠመዱትን ዓሣ ያየ ወጣትም ይህን እርግጠኛነት ይዞ አውሮፕላን ላይ ሊወጣ ይገባዋል። ቲኬቱን ሌላው ሊገዛለት ይችላል። ወንበሩን ግን ከእኛ በቀር የሚዘረጋለት የለም።